ውሃችን ወደ ድሬ ናጆ

ሰው ውሃ ፈልጎ ይቆፍራል፤ ዕድሉ ሲጠም ድንጋይ ያገኛል። እኔ ደረቅ ቦታ ፈልጌ ቆፈርኩና ውሃ አገኘሁ። ፈጣሪ ለእያንዳንዱ የልቡን መሻት ይሰጣል ይባላል፤ ያን ክረምት ግን የእኔን ልመና ከሌላ ሰው ልመና ጋር ያቀያየረው ነበር የመሰለኝ።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን ነው። መርካቶ ብዙ ዓመት ነግጄ ወደ አገሬ ተመለስኩና ከወልቂጤ ከተማ ዳር፣ አባቴ በተወልኝ ቦታ ላይ፣ የቆርቆሮ ቤት ልሠራ ተነሳሁ። የቆርቆሮ ቤትማ ሌላውም ሠርቷል። አዲስ አበባ ኖሮ የመጣ ሰው ሌላው የሠራውን ብቻ ሠርቶ ዝም ካለ «ታዲያ ምን አይቶ መጣ?» ይባላል። እኔ ደግሞ ያየሁት ነገር ነበረኝ። መርካቶ የሠራሁበት ሱቅ ከሥሩ ምድር ቤት ነበረው። በደረጃ ወርደው ሲገቡ ቀዝቀዝ ይላል፤ ቅቤ አይቀልጥበትም፣ ፀሐይ አይደርስበትም፣ የጠሉት ሰው ሲመጣ ይደበቁበታል። ያ ምድር ቤት በሕልሜ ሳይቀር ይመጣብኝ ነበር። እናም ቤቱ ከመቆሙ በፊት ሥሩን አስቆፍሬ፣ በድንጋይ አስገንብቼ፣ ደረጃ አበጀሁለት።

ሰፈርተኛው እየመጣ ከአፋፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያይ ጀመር። በእኛ አገር ወደ መሬት ውስጥ የሚገባ ነገር ቆጮ ነው። እንሰት ይፋቃል፣ በቅጠሉ ተጠቅልሎ ጉድጓድ ይገባል፣ እዚያው ይብላላል። ታዲያ አንዱ ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ወንድሜ፣ ይኼን የሚያህል የቆጮ ጉድጓድ ልትሞላ ከአረቅጥ እስከ ጉንችሬ ያለውን እንሰት ልትፍቀው ነው?» አለኝ። ሌሎቹ ሳቁ። እናቴ ግን አልሳቀችም።

«ልጄ፣ ቤት ወደ ላይ ነው የሚሠራ፤ ወደ ታች የሚሠራው መቃብር ነው» አለችኝ።

እናቴን ላስተዋውቃችሁ። ቁመቷ አጭር፣ ቃሏ ግን ረጅም ነው፤ አንዴ ከአፏ ከወጣ ተመልሶ አይገባም። የምትኖረው ከእኔ ቤት አጠገብ፣ አባቴ በሠራላት ጎጆ ነው። የጎጆዋ ምሰሶ ዘሟል። ከውጭ ለሚያያት ሰው ጎጆዋ አንድ ነገር ጠፍቶባት መሬት ለመሬት የምትፈልግ ትመስላለች። ቆርቆሮ ቤቱን የሠራሁት እናቴን ከዚያ ምሰሶ ሥር ለማውጣት ነው። በእኛ ቤት ወግ ደግሞ አዲስ ቤት እናት ቀድማ ገብታ ምድጃው ላይ እሳት ካልለኮሰችበት በቀር ቤት አይባልም፤ መጋዘን ነው። ወንድሞቼና እህቶቼ ለመስቀል ከአዲስ አበባ ሲመጡ እናታችንን በአዲሱ ቤት፣ በምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ሊያገኟት ተነጋግረን ነበር።

ሰኔ ገባ። ባለቤቴ ዘነበች ትባላለች። በዚያ ክረምት ስሟን ጮክ ብዬ መጥራት ትቼ ነበር፤ ሰማዩ ትእዛዝ እንዳይመስለው ፈርቼ ነው። አንድ ቀን ቅቤ ልታመጣ ወደ ምድር ቤቱ ወረደችና ጮኸች። ሮጬ ስደርስ ከደረጃው አጋማሽ ላይ ቆማለች። ቅቤ የሞላው ቅል ውሃው ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ፣ እንግዳ ለመቀበል እንደተነሳ ሰው ወደ እኛ መጣ።

ውሃው ደፍርሶ ቢሆን ኖሮ እናደድ ነበር። ግን ጥርት ያለ ነው። የመጨረሻዋን ደረጃ፣ የወለሉን ድንጋይ፣ ወድቆ የቀረ አንድ ሚስማር እንኳ አሳየኝ። ከየት ገባ? በር አላንኳኳ፣ ግድግዳ አልሰበረ። ፈራሁት። ደግሞም፣ እውነቱን ልናገርና፣ አማረኝ።

ጎረቤት ተጠራ፤ በጣሳ፣ በባልዲ፣ በእንስራ ተቀዳ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ይላሉ አበው፤ ቢቀዱትም ያው መሆኑን ለመጨመር ሰፈሩ ሁሉ እኔ ቤት መድከም ነበረበት። አንድ ባልዲ ስናወጣ ሌላው እየሳቀ ይገባል። በመጨረሻ እናቴ መጣች። ደጃፍ ላይ ቆማ አንገቷን ሰገግ አድርጋ ቁልቁል አየችና ቃሏን ተናገረች።

«ከውሃ በላይ የሚተኛ እንቁራሪት ነው። ይኼ ውሃ የሚሄድበትን እስኪያገኝ ደጃፍህን አልረግጥም።»

ይኸን ብላ ወደ ዘመመው ምሰሶ ተመለሰች። ዝናቡ ወረደ። እኔ ባላ ቆርጬ ጎጆዋን ከአንድ ወገን ደገፍኩና፣ በየነጎድጓዱ እየወጣሁ ቆማ እንደሆነ አያለሁ። አንድ ቤት ከሥሩ ውሃ ይዞት፣ አንድ ጎጆ ከላዩ ውሃ ይዞት፣ እኔ በመካከላቸው የምሮጥ ሰው ሆንኩ።

ምክር አልቸገረኝም። የሚስቴ ወንድም ወልዴ ቡታጅራ ወፍጮ ቤት አለው። ሞተር የማይፈታው ችግር ከተፈጠረ ያለቅሳል እንጂ አያምንም። የውሃ መሳቢያ ሞተሩን በጭነት መኪና አስጭኖ መጣና ውሃውን ሲያይ መጀመሪያ የተቆጣው እኔን ነው።

«እኛ ቡታጅራ ለአንድ እንስራ ውሃ ስንት ሜዳ እናቋርጣለን፤ አንተ ቤትህ ድረስ መጥቶልህ ታማርራለህ!»

ሞተሩ ተነሳ። ምድር ቤቱ ጭስ በጭስ ሆነ፤ ወልዴና እኔ ከሰል የመሰለ ፊት ይዘን እያሳለን ወጣን። ውሃው ግን ጎደለ! ወለሉን አየነው፤ ተቃቀፍን። ምሳ በልተን ስንመለስ ቅሉ እንደገና እየዋኘ ነው። ሞተሩ ተነሳ፤ ጎደለ፤ ሞላ። ዘነበች ከጓሮ ልብስ እያሰጣች ስታየን ቆይታ መጣች።

«አንተ ሰውዬ፣ ቱቦውን የት ነው ያፈሰሳችሁት?»

«ከጓሮ።»

«ጓሮው ከቤቱ በላይ አይደለም እንዴ? እናንተ ታፈሳላችሁ፣ ጓሮው ይጠጣል፣ ሲጠግብ ወደ ቤት ይመልሰዋል። ከጠዋት ጀምሮ የምታዞሩት አንዱኑ ውሃ ነው።»

ወልዴ ሞተሩን አጠፋው። አንዲት ውሃ ብቻዋን፣ ሳትቸኩል፣ ሳትናገር፣ ሁለት ወንድና አንድ ሞተር ስታደክም መዋሏ ከማስቆጣት አልፎ አስደነቀኝ። ወልዴ በንዴት ሲሚንቶ አቡክቶ ግድግዳውን ለሰነው፤ ውሃዋ በግድግዳው ተስፋ ቆርጣ በወለሉ መጣች። ዘነበች «ጉድጓዱን በአፈር ሞልተን እንገላገል» አለች። ልክ ነበረች። ግን ሰፈርተኛው ቆሞ እያየኝ፣ ያን ያህል ደክሜ የቆፈርኩትን ጉድጓድ ያን ያህል ደክሜ ልሙላው? ክብር የሚባል ነገር ሰውን ከውሃ በባሰ ያሰጥማል።

በመጨረሻ ሙሴ ጂኖ መጣ። የጅማ መንገድ ሲሠራ ከመጡት ጣሊያኖች አንዱ ነው፤ መንገዱ አለፈ፣ እሱ ወልቂጤ ቀረ። ግንብ ይገነባል፣ መኪና ይጠግናል፣ ጥርስም ይነቅላል። አማርኛው ፈጣን ነው፤ ወንዱን «አንቺ»፣ ሴቷን «አንተ» ማለቱን ግን ማንም አላስተወውም። ምድር ቤቱን ዞሮ ግድግዳውን በመዳፉ ዳበሰ፣ ጓሮ ወጥቶ መሬቱ ላይ በሆዱ ተኝቶ ጆሮውን ደቀነ። ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈና ፈረደ።

«አንቺ ቤት ጥሩ። አንቺ ውሃ በጣም ብዙ። ሞተር ኖ! ሲሚንቶ ኖ! አንቺ ድሬናጆ! ውሃ ሁሉ ወደ ድሬናጆ ይሄዳል፣ አንቺ ደህና ይተኛል!»

ከዚያ በእንጨት መሬት ላይ ሥሎ አሳየኝ። ከቤቱ በላይ በኩል፣ ከወለሉ ዝቅ ብሎ የሚወርድ ቦይ ይቆፈራል፤ ከሥሩ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ይነጠፋል፤ ላዩ ላይ ድንጋይ ይሞላል። ውሃው ቤቱ ሳይደርስ ቱቦው ውስጥ ይወድቃል፣ ቤቱን ዞሮ በታች በኩል ይወጣል። ውሃን አታግደው፤ መንገድ ስጠውና በራሱ እግር ይሂድ ነው ነገሩ። እንዲህ ቀላል ነገር ሆኖ ሳለ ያን ሁሉ መድከማችን ገርሞኝ የሙሴ ጂኖን እጅ ልስም ምንም አልቀረኝም።

በደስታ ወደ ጎጆዋ ሮጥኩ።

«እማዬ፣ ተገላገልን! ውሃው ወደ ድሬናጆ ሊሄድ ነው!»

እናቴ እሳቷን ቆሰቆሰች። «ድሬ ናጆ ማን አገር ነው?» አለችኝ። እኔ ደስታ ላይ ነኝ፤ ሳቅ ብዬ ወጣሁ። ያኔ ቆሜ ባስረዳት ኖሮ ይኼ ወግ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር።

በማግሥቱ ሰፈሩ ሁሉ ስለ ድሬ ናጆ ያወራል። ቅቤ ነግዶ ወለጋ የደረሰ ሰው «ነጆን አውቃታለሁ፤ ድሬ ነጆ ከእሷ ማዶ ብትሆን ነው» ይላል። ድሬዳዋ ዘመድ ያለው ደግሞ «ድሬ ካለማ በባቡር ነው የሚኬደው» ብሎ ይከራከራል። ውሃው በባቡር ይሂድ በእግር አልተስማሙም። እናቴን ያስጨነቃት ግን ሌላ ነው። ከአጥር አጥር እየዞረች፣ «የድሬ ናጆ ሰው ምን በደለን? እኛን ያስቸገረ ውሃ እነሱን አያስቸግርም?» ትላለች።

ይኼን ሳልሰማ ቁፋሮ ተጀመረ። የላይኛው ቦይ አለቀ፤ ቱቦው ቤቱን ዞረ፤ አጥሬን አልፎ ወደ ታች ሊቀጥል ሆነ። ከአጥሬ በታች ያለው ጀፎሮ ነው። ጀፎሮ የማታውቁ ካላችሁ፣ በመንደራችን መካከል የሚያልፈው ሰፊው የሣር ጎዳና ነው። ሠርጉም፣ ለቅሶውም፣ ፈረስ ጉግሱም፣ ሸንጎውም እዚያ ነው። የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው። አይታረስም፣ አይታጠርም፣ አይቆፈርም። ይኼን ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ሰው፣ መርካቶ ብዙ ዓመት ረግጬ እግሬ ረስቶት ኖሮ፣ ቆፋሪዎቹን «በሉ ግፉ!» አልኳቸው። የመጀመሪያው ዶማ ወደ ላይ ተነሳ።

«በጃንሆይ አምላክ!»

ያን ጊዜ ይኼ ቃል ከተጠራ የሚንቀሳቀስ የለም። ዶማው አየር ላይ ቀረ። ወልዴ በአንድ እግሩ ቆመ። ሙሴ ጂኖ ሳይቀር እጁን ወደ ላይ ሰቀለ። ከጀፎሮው ማዶ ከእንሰታቸው መካከል ሐጂ ሸምሱ ብቅ አሉ፤ ጎረቤቴ ናቸው፣ የአባቴ ባልንጀራ። ነጭ ጥምጣማቸው ከእንሰቱ ቅጠል በላይ ያበራል።

«አሰላሙ ዓለይኩም። ልጄ፣ አባትህ በሕይወት ቢኖር ይኼን ዶማ ምን ይለው ነበር?»

አፈርኩ። ቆፋሪው ክንዱ ስለዛለ ዶማውን ለማውረድ ፈቃድ ጠየቃቸው።

ሸንጎ ተጠራ። ሽማግሎች ጀፎሮው ላይ፣ ከትልቁ ዝግባ ሥር ተቀመጡ፤ ሴቶች ከኋላ ቆሙ፤ እናቴ ከሴቶቹ ፊት። ሸንጎውን የሚመሩት አዝማች ዘርጋ ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጥያቄያቸው ግን አልደከመም።

«የድሬ ናጆ ሽማግሎች ተጠይቀዋል?» አሉኝ።

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት።

«አዝማች፣ ድሬናጆ አገር አይደለም። በጣሊያን ቋንቋ የውሃ ማስወገጃ ማለት ነው።»

ጉርምርምታ ሆነ። ወለጋ የደረሰው ነጋዴ አቀረቀረ። አዝማች ዘርጋ ግን አልሳቁም፣ አልተቆጡም።

«እሺ፤ አገር አይደለም» አሉ። «ታዲያ ውሃው የሚደርሰው የት ነው?»

ሙሴ ጂኖን አየሁት፤ እሱም እኔን አየኝ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያሰብኩት ውሃው ከቤቴ እንዲወጣ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደሚገባ በልቤ አልፎ አያውቅም። አንድ ክረምት ሙሉ ሞተር፣ ሲሚንቶ፣ ቱቦ ስመርጥ ከርሜ ይኼን የጠየቁት እናቴና ዓይናቸው የደከመ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ። ከኋላ የእናቴ ድምፅ ተሰማ።

«አገር ካልሆነማ የባሰ ነው! ሰው የሌለበት፣ ስም የሌለው ቦታ ውሃ ይላካል?»

ሐጂ ሸምሱ ተነሱ። «የሚደርሰውማ የእኔ እንሰት ሥር ነው። እንሰት ውሃ ከተኛበት ይበሰብሳል። እስቲ መጀመሪያ ይኼን ውሃ ልየው» አሉ።

ሸንጎው እንዳለ ተነስቶ ወደ ቤቴ ገባ። የቱቦው ጫፍ ገና ስላልተከፈተ ምድር ቤቱ እንደሞላ ነው። ሐጂ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ «ቢስሚላህ» ብለው በደረጃው ወረዱ። በእፍኛቸው ዘገኑ፣ አሸተቱ፣ ተጉመጠመጡ። ከዚያ ማንንም ሳያዩ እጃቸውን፣ ፊታቸውን፣ ክንዳቸውን፣ እግራቸውን ታጠቡ፤ እዚያው ውዱእ አደረጉ። ሲመለሱ ፊታቸው ሌላ ነው።

«ሱብሃነላህ! ይኼ የዝናብ ውሃ አይደለም። ምንጭ ነው።»

አዝማች ዘርጋ ምርኩዛቸውን ጨበጡ። የአባታቸው እናት ከጀፎሮው በላይ አንድ ምንጭ እንደነበረና ተቆጥቶ መሬት እንደገባ ይነግሯቸው እንደነበር አስታወሱ። የት እንደገባ ያወቀ አልነበረም። ሰው ሁሉ እየተጋፋ መውረድ ጀመረ፤ የወረደው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይወጣል። እኔም የራሴን ምድር ቤት ለማየት ተራ ያዝኩ። ወረድኩና ውሃዋን አየኋት። የእኛ ሽማግሎች ከመወለዳቸው በፊት ጀምራ በጨለማ ስትሄድ ኖራ፣ እኔ ነበርኩ እላይዋ ላይ ቤት የሠራሁባት። እሷ ወደ ቤቴ አልገባችም፤ እኔ ነኝ ቤቷ የገባሁት።

አሁን ደግሞ ሌላ ጠብ ተነሳ። ጠዋት ማንም ያልፈለገውን ውሃ ሁሉም ወደ ደጁ ሊጠራው ሆነ። ሐጂ «ቀድሜ የቀመስኩ እኔ ነኝ» ይላሉ፤ ወልዴ ጭራሽ ወደ ቡታጅራ የሚወስድበትን ቱቦ በልቡ መለካት ጀምሯል። አዝማች ዘርጋ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መቱና ፍርድ ሰጡ።

«ጀፎሮ አይቆፈርም። ጀፎሮ የመንገደኛ ነው። ውሃም መንገደኛ ነው። መንገደኛ ጀፎሮ ላይ ይሄዳል እንጂ ጀፎሮን አይቆፍርም። ቱቦው አጥሩ ጋ ይቁም። ከዚያ ወዲያ ውሃው በሣሩ ላይ እንደ ማንም ሰው ሰላም ብሎ ይለፍ። ሐጂ በእንሰታቸው ዳር ከታች ወዳለው ወንዝ ያሳልፉታል።»

ሙሴ ጂኖ ሲተረጎምለት መጀመሪያ ጭንቅላቱን ያዘ። ከዚያ ጀፎሮውን ወጥቶ ወርዶ፣ ቁልቁለቱን በዓይኑ ለክቶ፣ ጣቶቹን ሳመ። ውሃው ሣሩን እንዳይሸረሽር የቱቦው አፍ ሥር ሰፋፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ደረደረ፤ ሐጂም በእንሰታቸው ዳር መውረጃ አበጁ።

መስቀል ሲዳረስ ቱቦው ተከፈተ። ሰፈሩ ሁሉ አጥሬ ሥር ቆሞ ቀዳዳውን ያያል። ቱቦው ሳለ፤ አጉረመረመ፤ ከዚያ አንድ ትልቅ እንቁራሪት ተስፈንጥሮ ወጣና ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብሎ እኛን አየን።

«ይኸው፣ ባለቤቱ ለቀቀ» አለች እናቴ።

ሳቁ ሳይበርድ ውሃው መጣ። ደፈረሰ፣ ጠራ፣ ድንጋዩ ላይ ተዘረጋ፤ ሣሩ ውስጥ ገብቶ አገር እንደማያውቅ እንግዳ ቀስ እያለ ጀፎሮውን ተሻገረ። አንዲት ሣር አልነቀለም። ሴቶቹ እልል አሉ፤ የሐጂ ፈረስ ማንም ሳይጋብዘው ጠጣ። እናቴ ግን አልጨረሰችም። ምርኩዟን ይዛ ከውሃው ጋር እኩል መሄድ ጀመረች፤ ጀፎሮውን አቋርጣ፣ በእንሰቱ ዳር ወርዳ፣ ወንዙ እስኪገባ ተከተለችው። እኛም ተከተልናት። ወንዙ ሲቀበለው አየች። ዞራ ተመለሰች፤ ማንንም ሳታናግር በአዲሱ ቤት ደጃፍ አልፋ ገባች፤ ምድጃው ላይ እሳት ለኮሰች። እኔ ጭሱ ዓይኔ ገባ ብዬ ፊቴን አዞርኩ።

ዘመዶቻችን ለመስቀል መጡ። ቅቤውም ከደረቀው ምድር ቤት ወጣ። ጎጆዋ ከበዓሉ በኋላ አንድ ጠዋት፣ ማንም ሳይኖርባት፣ ቀስ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ። ምሰሶው የተኛው እናቴ ትተኛበት በነበረው መደብ ላይ ነው።

ውሃው በጋ አልደረቀም። ሴቶች እንስራ ይዘው መጡ፤ መንገደኛ ከብቱን አጠጣ፤ ከጎኑ ሻይ ቤት ተከፈተ። ዛሬ በጅማ መንገድ የሚያልፍ አውቶቡስ ላይ «ወራጅ፣ ድሬ ናጆ!» ሲባል ትሰማላችሁ። አንድ ቀን ቦታውን የማያውቅ እንግዳ ቤታችን አርፎ፣ «እመት፣ ይኼ ድሬ ናጆ የሚባለው ስም ከየት የመጣ ነው?» ብሎ እናቴን ጠየቃት።

እናቴ እሳቷን ቆሰቆሰች።

«ውሃችንን የምንልክለት አገር ነበር» አለችው። «ፈልገን ስናጣው እኛው ሆንነው።»